ከሜዳ እስከ ጉባኤ፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

በንፋስ ስልክና በላፍቶ ሜዳዎች የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩትን ልጆች አይቶ፣ ጨዋታ የሥራ ፈት ግብር ነው የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ኳስ የአገርንና የክፍለ ዓለምን ክብር ማስጠበቂያ ሊሆን እንደሚችል ግን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ ያስረዳናል።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ልጃቸው ግን በ1928 ዓ.ም. በተቋቋመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በግብ አግቢነት ታወቁ። ወጣትነታቸው የፋሺስት ወራሪ ነጭንና ጥቁርን በሕግ የለየበት ዘመን ነበርና፣ የዘር አድልዎን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ተማሩት።

ከተጫዋችነት በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ተሻገሩ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ውድድሩ በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ በእርሳቸው የሚመራው ቡድን ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትቶ ለፍጻሜ ደረሰ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያው ባለጋራ ሁለት ጊዜ ቀደመ፤ ቡድናችንም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ግጥሚያ ከሜዳ ውጭ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተወገደች። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለአፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ በመነፈጉ የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ቀሩ። በቀጣዩ ውድድር አንድ ቦታ ተሰጠ፤ በ1974 ዓ.ም. ሁለት ሆነ። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ ማኅበር ተባረረች። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉም በዚያው ኃላፊነት ላይ ነበሩ።

ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ዋንጫው ወደ አገራችን አልተመለሰም፤ በዚህም ዘወትር እናዝናለን። ነገር ግን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዋንጫው የሚበልጥ ውርስ ትተውልናል፤ ይኸውም ሚዛኑ በተዛባ ሜዳ ላይ ከመጫወት አስቀድሞ ሜዳው እንዲስተካከል መጠየቅ ነው። ይህ ደግሞ ለኳስ ተጫዋች ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም።