ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶና የወታደር ጡረታ

ዕድሜውን በውትድርና ያሳለፈ ሰው ሲያረጅ በምን ይተዳደራል? ይህን ጥያቄ ዛሬ በወላይታ ሶዶ ለሚሠራ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ብናቀርብለት፣ የጡረታውን ዐዋጅ ቁጥር ጠቅሶ፣ የአገልግሎቱን ዘመን ቆጥሮ፣ መልሱን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አስልቶ ይሰጠናል። ለቅድመ አያቱ ብናቀርበው ኖሮ ግን ወረቀትም ስሌትም አናገኝም ነበር። ዛሬ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎን ታሪክ የምናነሣው የአድዋውን ጀግንነታቸውን ለመድገም አይደለም፤ እርሱ በየጊዜው ሲነገር ኖሯል። እኛ የምንፈልገው እምብዛም ያልተተረከውን ወገን ነው፤ ይኸውም እኒህ ትልቅ የጦር አለቃ ሲሾሙ በምን እንደ ኖሩ፣ ሲሻሩስ ምን እንደ ቀረላቸው ነው።

ነገሩን ከወላይታ እንጀምር። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዘምተው የወላይታውን ንጉሥ ካዎ ጦናን ወጉ። ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም አብረው ዘምተው ነበር። ሕዝቡ በብርቱ ተከላከለ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም እንደ ጻፈው፣ የተነዳው ከብት በዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ነበር፤ ሰውም እንደ ከብቱ ተነዳ። ምርኮው ግን አንድ ጊዜ ተበልቶ የሚያልቅ ነው። በአገሩ የሚቀመጠው ወታደር ዓመት እስከ ዓመት የሚበላው ያስፈልገው ነበርና፣ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው።

ገባር ማለት እንግዲህ በመሬቱ ላይ ያለው የአገሩ ገበሬ ነው። ለወታደሩ እህል ያገባለታል፤ ማር ያመጣለታል፤ እንጨት ይፈልጥለታል፤ ቤቱን ይሠራለታል፤ ሚስቱም ትፈጭለታለች። ለተራው ወታደር ጥቂት አባወራ፣ ለአለቃው እንደ ማዕረጉ በርከት ያለ ይመደብለት ነበር። ለመንግሥት ከሆነ እጅግ ርካሽ አሠራር ነው፤ ከግምጃ ቤት አንድ ብር ሳይወጣ ጦር ይቀለባል። ሒሳቡን የሚከፍለው የወላይታ ገበሬ ነበር። ይህን ሳይናገሩ ስለ ዘመኑ ወታደር ችግር ብቻ መጻፍ ግማሹን ታሪክ መደበቅ ይመስለናል።

ለወታደሩም ቢሆን አሠራሩ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ገባሩ የተሰጠው ለሰውየው ሳይሆን ለአገልግሎቱ ነው። መሬቱም ማደሪያ ይባላል እንጂ ርስት አይደለም። ወታደሩ ሲያረጅ ወይም ሲሞት፣ ወይም አለቃው ሲሻር፣ ማደሪያው ለሌላ ይሰጣል። የደረሰ ልጅ ያለው የአባቱን ጠመንጃ ተሸክሞ እንዲተካ ያደርግ ነበር። ልጅ የሌለው ደግሞ ወይ የአንድ መኰንን ደጅ ይጠናል፣ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይቀመጣል። ለሽማግሌ ወታደር ከነዚህ የተለየ መተዳደሪያ ማግኘት በዚያ ዘመን አስቸጋሪ ነበር።

በሶዶ ዙሪያ እንዲህ ኖረው ያረጁት ተራ ወታደሮች የእያንዳንዳቸው ታሪክ ተጽፎ አልቆየንም። ከወላይታ በስተምሥራቅ ብላቴ ወንዝን ተሻግሮ የነበሩት የሲዳሞው ገዥ ግን ታሪካቸው የታወቀ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወላይታ ራሱ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አንዱ አውራጃ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቷል። በወንዙ በሁለቱም ወገን የሠራው ሥርዐት አንድ ስለ ነበረ፣ የገዥውን ዕድል ስናይ የተራውንም እናያለን።

ባልቻ የተወለዱት በ1850ዎቹ ውስጥ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ካለው አገር ነው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማረኩ፤ የዘመኑ ወታደርም ክፉ ልማድ ደርሶባቸው ተሰለቡ። ወደ ምኒልክ ቤት ከገቡ በኋላ በዚያው አደጉ። ይህ መከራ በኋለኛው ኑሯቸው ላይ የገንዘብም ትርጉም ነበረው፤ ጠመንጃቸውን ተሸክሞ የሚተካ፣ ማደሪያቸውን የሚይዝ ልጅ አይኖራቸውምና።

በቤተ መንግሥቱ ታማኝነታቸው ስለ ታየ በጅሮንድ ተባሉ። በጅሮንድ የግምጃ ቤት ሹም ነው። ስለዚህ ባልቻ የመድፈኛ አለቃ ብቻ ሳይሆኑ፣ ብርና ንብረት እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌና በአድዋ መድፈኛውን መርተው ስማቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ከድሉ በኋላም ደጃዝማች ተብለው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በሲዳሞ ላይ ተሾሙ።

የዘመኑ አገረ ገዥ ገቢ እንዴት እንደ ነበረ ለወጣት ባለሥልጣኖቻችን መግለጥ ይገባናል። ገዥው ከመንግሥት የተቈረጠ የወር ደመወዝ አልነበረውም፤ በጀትም የሒሳብ መርማሪም አያውቅም። ከአገሩ ግብር ይሰበስባል፤ ከዚያው ወታደሩን ይቀልባል፤ ለቤተ መንግሥቱ የሚገባውን ይልካል፤ የተረፈው የእርሱ ነው። በባልቻ ዘመን የሲዳሞ ቡና እየታወቀ ሄዶ ነበርና የሚተርፈው ጥቂት አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሀብት የተሰቀለው በአንድ ችንካር ላይ ነበር፤ እርሱም ሹመቱ ነው።

ችንካሩ እንደሚነቀል ባልቻ አስቀድመው ቀምሰውት ነበር። የሐረር ገዥ ደጃዝማች ይልማ ከሞቱ በኋላ ወደ ሐረር ተዛውረው ሳሉ፣ በ1902 ዓ.ም. አገሩ ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላቸው ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተሰጠ። በዚያ ጊዜ የተሻረ መኰንን የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሹመት እስኪያገኝ ይጠብቃል። ባልቻም ሲዳሞን መልሰው እስኪያገኙ ጠበቁ። ካገኙት በኋላ አጥብቀው መያዛቸው ሊያስደንቀን አይገባም። በሐገረ ሰላም ከተማቸው ተቀምጠው በቀድሞው ሥርዐት ገዙ፤ የሲዳሞ ገባርም የእጃቸውን ክብደት ያውቅ ነበር። ይህንም የምንለው ጀግንነታቸውን ለማሳነስ ሳይሆን እውነቱ እንዳይጎድል ነው።

በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆኑ። አልጋ ወራሹ የመንግሥቱን ገቢ ወደ ማዕከል ለመሰብሰብ ፈለጉ። ባልቻ ደግሞ ታማኝነታቸው ለምኒልክ ልጅ ነበር፤ ከሲዳሞ የሚልኩት ግብርም ከአገሩ ሀብት ጋር ሲተያይ እጅግ አነሰ ይባል ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ እያመካኙ ቆዩ። በመጨረሻ በ1920 ዓ.ም. የካቲት፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ አምስት ሲጠጋ፣ ጦራቸውን አስከትለው መጡ። ሠራዊታቸው ወደ 10,000 ይገመታል። የሰፈሩትም በንፋስ ስልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ብልሃት ጨዋታ ይተረካል። እኛ ግን እንደ ሒሳብ ትምህርት እናየዋለን። ባልቻ ወደ ግብር ተጠሩ። በአልጋ ወራሹ ላይ እምነት ስላልነበራቸው ብዙ መቶ የታጠቁ ሰዎች አስከትለው ገቡ፤ በክብር ተስተናገዱ፤ ሰዎቻቸውም በሉ፣ ጠጡ፣ ፎከሩ። በዚያችው ሰዓት ራስ ካሣ ወደ ንፋስ ስልክ ሄደው ለቀረው ሠራዊት ብር እያደሉ ወደየአገሩ አሰናበቱት። ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ባልቻ ከግብሩ ተነሥተው ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ድንኳኑ ባዶ ነበር።

ያ ሠራዊት ፈሪ ወይም ከሃዲ ነበር ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን በወታደሩ ቦታ ሆነን እናስብ። እንጀራው በሲዳሞ ያለው ገባሩ ነው፤ ገባሩን የሚሰጠውም የሚነሣውም የሲዳሞ ገዥ ነው። ገዥው መሻሩን ሲሰማ ከተሻረው ጋር ቢቀር ማደሪያውን ያጣል፤ ተመልሶ ለአዲሱ ቢያድር ምናልባት ይጸናለታል። በእጁ ደግሞ ብር ተጨመረለት። ባልቻን ያሸነፋቸው መድፍ አልነበረም። የቀድሞው የግምጃ ቤት ሹም በገንዘብ ተሸነፉ፤ የወታደራቸው ታማኝነት በምን ገመድ እንደ ታሰረ ከሳቸው ይልቅ ራስ ተፈሪ አጥርተው አይተውት ነበር።

ባልቻ በቤተ ክርስቲያን ተጠጉ፤ ወዲያውም እጃቸውን ሰጡ። ሁለት ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ከዚያም እንዲመነኩሱ ተፈቀደላቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጦርና በአገር ግዛት ያገለገሉ ሰው፣ አገልግሎታቸው ተቈጥሮ የሚሰጣቸው አበል አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሕግም ገና አልወጣም። የገዳም በኣትና የገዳም ቂጣ የዚያን ዘመን ጡረታ ነበር ብንል አላጋነንም።

ይህ የባልቻ ብቻ ዕድል አልነበረም። ከሳቸው መሻር አንድ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1919 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ እንደ ባልቻ በልጅነታቸው ተማርከው ያደጉት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሲሞቱ፣ ያን ሁሉ ጦርና ሰፊ ግዛት የወሰዱት ራስ ተፈሪ ናቸው። በሹመት የመጣው ሀብት በሞትም በሽረትም ወደ መጣበት ይመለስ ነበር።

ጠላት ከተባረረ በኋላ ገባርነት በሕግ ቀረ፤ ወታደሩም ደመወዝተኛ ሆነ። ለብዙ ወታደርና አርበኛ፣ ይልቁንም በደቡብ አገሮች፣ ለእርጅናው መሬት በጋሻ ተሰጠው። ይህም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን አከተመ። የጸናው ሌላው መንገድ ነው፤ እርሱም በዐዋጅ ቁጥር 209/1955 የቆመው የጡረታ መዋጮ ነው። ኋላ የወጣውን ዐዋጅ ቁጥር 714/2003 ብንመለከት፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ፣ መንግሥት ለሲቪሉ 11፣ ለመከላከያ ሠራዊት አባል 25 በመቶ እንዲያዋጣ ተደነገገ። ዐሥር ዓመት ያገለገለ ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 ይጨመርለታል፤ ጣሪያውም 70 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ወታደር እንግዲህ 63 በመቶ ይደርሰዋል፤ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን 3,780 ብር ማለት ነው። ይህ በሶዶ ገበያ ብዙ የሚያስገዛ አይደለም። የአባቱም መሬት ከወንድሞቹ ጋር ተከፋፍሎ ጠቧል፤ ወላይታ በገጠር ሕዝብ ብዛት ከአገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት አንዱ ነውና። የሆነ ሆኖ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ አለቃው ቢሻር አይቋረጥበትም፤ ጎረቤቱም በጉልበቱ አይከፍልለትም።

ወደ ባልቻ እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ መነኩሴው ከሰባ ዓመት አልፈው ነበር። ጦር የለም፤ ግዛት የለም፤ የሚከፈል ብርም የለም። ንጉሠ ነገሥቱም ያው የሻሯቸው ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም በስደት ነበሩ። ባልቻ ቆባቸውን ለብሰው ዝም ብለው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ጠመንጃ አንሥተው ወጡ፤ ዙሪያቸውም ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። ከንፋስ ስልክ ሠራዊት በተለየ እነዚህ ማደሪያም ቀለብም የሚጠብቁ አልነበሩም። በ1929 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለው አገር ጠላት ደረሰባቸው። እጃቸውን የሚሰጡ መስለው አስጠግተው ተኮሱ፣ በዚያም ሞቱ ተብሎ ይተረካል። ከነጻነት በኋላ የሶቪየት ቀይ መስቀል በአዲስ አበባ የከፈተው ሆስፒታል በስማቸው ተጠራ፤ ዛሬም ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ይባላል።