በ600 ዲርሃም የተሸጠው ንጉሥ



ንጉሥ አስሐማ ነጃሺ ሙሃጂሮችን እንዴት እንደተቀበለ መድረሳ ሳለን ተምረናል። ልጅነቱ ግን ብዙም አይነገርም። ኢብን ኢስሐቅ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይዞ በዘገበው ታሪክ፣ አባቱ የሐበሻ ንጉሥ ነበር፤ ከነጃሺ ሌላ ልጅ አልነበረውም። አጎቱ ግን 12 ልጆች ነበሩት። መኳንንቱ አሰሉት፦ ከ1 ወራሽ 12 ይሻላል፣ መንግሥቱም ይጸናል። አባቱን ገድለው አጎቱን አነገሡ። ቆይተውም ልጁ ይበቀለናል ብለው ፈሩና ለነጋዴ በ600 ዲርሃም ሸጡት። በዚያው ምሽት አጎቱን መብረቅ ገደለው፤ 12ቱም ለንግሥና የማይበቁ ሆነው ተገኙ። መኳንንቱ ሮጠው ነጃሺን መለሱና አነገሡት። ነጋዴው ገንዘቡን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ነጃሺ ወይ ገንዘቡ ይመለስለት ወይ የገዛውን ባሪያ ይውሰድ ብሎ ፈረደ፤ ባሪያው እሱ ራሱ ነበር።

የመኳንንቱ ዓይነት ስሌት ኋላ ፍልስፍና ሆኗል። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ትክክለኛውን ሥራ በብዙኃኑ ጥቅም ድምር ለካ። አሜሪካዊው ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተቃወመ፤ ለእሱ ፍትሕ ማለት ሰው የራሱ ዕጣ ንግሥና ይሁን ባርነት ሳያውቅ የሚስማማበት ሕግ ነው። ነጃሺ ሁለቱንም ዕጣ ቀምሷል።

እ.ኤ.አ በ615 ግድም ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ መጡ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ላኩ። በአንድ ወገን ስጦታና የመካ ወዳጅነት፣ በሌላው ከ80 ጥቂት የሚበልጡ ባይተዋሮች። መኳንንቱ ይመለሱ አሉ። ነጃሺ ግን ጃዕፈርን (ረ.ዐ) ሳይሰማ አልፈረደም፤ ሰምቶም ስጦታውን መለሰ። በኋላ ሃይማኖታችንን ትቷል ብለው ሲነሱበት፣ አስቀድሞ ለሙሃጂሮቹ መርከብ አዘጋጀ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞት፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ሶላተል ጋኢብ ሰገዱለት።

ዛሬ በጋምቤላ፣ ጀዊ መጠለያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ሰዎች ይኖራሉ። ስለ እነሱ ስናወራ ምን ጠቀሙን፣ ምን አጎደሉብን እያልን መደመር ይቀናናል። ምህንድስና የምንማር እናውቀዋለን፦ የሕንፃው ጭነት በአማካይ ደህና ቢሆንም፣ አንዱ ምሰሶ ከተሸከመው በላይ ከሆነበት ይሰበራል። ስለዚህ ስደተኛውም ይሰማ፣ እንጨቱንና ውሃውን የሚጋራው የአካባቢው ነዋሪም ይሰማ፤ ነጃሺ ሁለቱንም ወገን ሰምቷልና።

አላህ ለነጃሺ ይዘንለት፤ እኛንም ሳንሰማ ከመፍረድ ይጠብቀን። አሚን።