ቃላቸው ሳይሰማ የተሻሩት ፓትርያርክ



ባለፈው የካቲት ለገሃር በተደረገው ወርኃዊ ስብሰባችን ከባድ ጉዳይ ገጥሞን ነበር። በገንዘብ ያዣችን መዝገብ ላይ ጉድለት ስለታየ ከኃላፊነቷ እንድትነሳ እጅ ልናወጣ ተዘጋጅተን ነበር። እርሷ ታማ ስለተኛች በስብሰባው አልነበረችም። በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡት እናታችን ግን ሰውን ሳይሰሙ መሻር ምን እንደሚያስከትል ሊያሳስቡን የአቡነ ቴዎፍሎስን ነገር አነሱ። ብዙዎቻችን ስማቸውን እንጂ ታሪካቸውን አናውቅም ነበር። ውሳኔውን ለሚቀጥለው ወር አሳደርነውና ጠይቀንም አንብበንም ያገኘነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው መልእክቱ ነበር። አገራችን ለ1,600 ዓመታት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፣ በ1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች ካይሮ ላይ ጵጵስና ሲቀበሉ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ሀገረ ስብከታቸው ሐረርጌ ሆነ። በዚያ ዘመን ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ከዚሁ ከሰፈራችን ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ ይወርድ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት ካይሮ ስለነበር፣ በአገራቸው ምድር በዓለ ሢመታቸው የተፈጸመላቸው የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው።

እኛን ሴቶችን ይበልጥ የነካን ግን ሹመታቸው ሳይሆን የሠሩት ሥርዓት ነው። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ በርሳቸው ዘመን ወጣ። በደንቡ መሠረት በየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን ተመርጠው ሰበካ ጉባኤ ያቋቁማሉ፤ አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፤ ገቢና ወጪው በተመራጮች ይታያል። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬት ስለነበራት የምእመኑ ሳንቲም ብዙም የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ ተወረሰ። ከዚያ ወዲያ አጥቢያዎችን ያቆማቸው የአባላቱ መዋጮ ነው። እድርና እቁብ የምናውቅ ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ከአንድ ባለጸጋ ስጦታ ይልቅ የብዙዎች ጥቂት ጥቂት ይበረክታል።

በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረደ። ዋናው ምክንያት መንግሥት ሳያውቅ ሦስት ጳጳሳት ሾመዋል የሚል ነበር፤ ሀብት አከማችተዋል የሚል ክስም ተጨመረበት። ከተሾሙት ሦስቱ አንዱ በኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው፤ ሦስቱም ታሰሩ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ፓትርያርክን የሚዳኘው ቅዱስ ሲኖዶስ ነው። የርሳቸው ጉዳይ ግን በዚያ መንገድ አልታየም፤ ክሱ በፊታቸው ተነቦ መልስ የሚሰጡበት ዳኝነት አላገኙም። ያልተሰማ ክስ ደግሞ ጥፋተኛውን አይለይም፣ ንጹሑንም አያነጻም።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ እርሳቸው በሕይወት እያሉ፣ ከወላይታ የመጡት ባሕታዊ አባ መላኩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ተሾሙ። በትሕትናና በብሕትውና ኑሯቸው የተከበሩ አባት ነበሩ። ሆኖም የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን አቡነ ቴዎፍሎስን ያወረደው መንግሥት እንጂ ሲኖዶስ አይደለም ብላ አዲሱን ሹመት አልተቀበለችም። ደጅ ያለችው ስትጠይቅ የቤቱ ሰዎች ግን በፍርሃት ዝም አሉ።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት አቡነ ቴዎፍሎስ በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታስረው ማቀቁ፤ የባላቸው አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም በዚያው ጊዜ ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር አረፈ። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ግድያቸው ከክሶቹ አንዱ ነበር፤ የጥፋተኝነት ፍርዱ በ1999 ዓ.ም. ተሰጠ።

ገዳዮቹ በችሎት ተጠየቁ። ያን ጊዜ ዝም ያለው ቤት ግን ራሱን በሚገባ የጠየቀ አይመስለንም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ከመንበራቸው ተነሱ፤ ለስደትም ተዳረጉ። ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ እስከ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ድረስ ቆየ። ያልታከመ ቁስል ያመረቅዛል የሚባለው ይህ ነው።

በመጋቢት ገንዘብ ያዣችን ደረሰኞቿን ይዛ መጣች። ከጉድለቱ የተወሰነው እኛው ራሳችን ሳናስመዘግብ የቀረነው ገንዘብ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን ሳታስፈቅድ ለአንዲት አባል ማበደሯን ግን ራሷ አመነች። ኃላፊነቱን ለቀቀች፤ ብድሩም እየተመለሰ ነው። ዛሬም ከእኛ ጋር ቡና ትጠጣለች። ሳትሰማ ብናወርዳት ኖሮ ግን የእኛን ጥፋት እርሷ ተሸክማ ትሄድ ነበር።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን አንድ አንቀጽ ጨመርን፤ ማንኛዋም ተመራጭ ክሱ በጽሑፍ ሳይደርሳትና መልሷ ሳይሰማ ከኃላፊነት አትነሳም። ደጋፊዎቻችንም ይህን እንድታውቁልን እንወዳለን። ሒሳባችንን በጠየቃችሁን ጊዜ እናቀርባለን፤ ሰውንም ሰምተን እንፈርዳለን።