የጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ አጭር የሕይወት ታሪክ

ያለፉትን ሰዎች ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ለማመስገን ወይም ለመውቀስ ብቻ ሳይሆን ለመመዘንም ነው። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን የጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ታሪክ መረጥሁ። እኚህ ሰው በውጭ አገር የኢትዮጵያን ስም ያስጠሩ ሲሆኑ፣ በእኛ በጎጃም ግን የሥልጣን ዘመናቸው የሚታወሰው በግብር ምክንያት በተነሣው ጠብ ነው።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ከካህናት ቤተ ሰብ ተወለዱ። በእስክንድርያ ከተማሩ በኋላ ፓሪስ ሄደው ሕግ አጠኑ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜም በዚያው በፈረንሳይ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ከነጻነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠሩ፤ በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በሳን ፍራንሲስኮ ሲፈረም ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋራ እንድትዋሐድም ብዙ ደክመዋል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወንድማቸው መኰንን ሀብተ ወልድ ተገደሉ። አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በዚያው ዓመት ነው። በ1958 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ከመሆን አልቀረም።

የዚህን ነገር ክብደት ያየነው እዚሁ ጎጃም ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ገበሬው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይወሰድበት ፈርቶ በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም አውራጃዎች ተነሣ። መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከበት። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። እንደሚመስለኝ ምሕረቱ የንጉሠ ነገሥቱ ሲባል፣ ቂሙ በሹማምንቱ ላይ ቀረ።

ከዚያም የወሎ ረኃብ መጣ። መምህራን፣ የታክሲ ነጂዎችና ወታደሮች ባመፁበት በየካቲት 1966 ዓ.ም. አክሊሉ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጥቂት ቆይተው ታሰሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች ስድሳ ያህል ሰዎች ጋራ ያለ ፍርድ በጥይት ተገደሉ።

ሙሉ ሥልጣን አልነበራቸውም የሚል ቢኖር፣ ታዲያ ወደ አሥራ ሦስት ዓመት በወንበሩ ላይ ለምን ቈዩ ብዬ እጠይቃለሁ። በወንበሩ የቈየ ሰው ከኃላፊነቱ አያመልጥም። ነገር ግን ኃላፊነት የሚመዘነው በችሎት እንጂ በጥይት አይደለም። ሕግ ተምረው አገራቸው በዓለም ሸንጎ ፊት እንድትሰማ ያደረጉ ሰው፣ ለራሳቸው የሚሰማቸው ዳኛ አጡ። በደል የደረሰበት የጎጃም ገበሬም ቢሆን ሁሉ ነገር በግልጽ ተመርምሮ እውነቱን የሚሰማበት ቀን ቀረበት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነገ ከእኛም መካከል የሚሾም ይኖራል። ሹመት ሲሰጠን ምን ያህል ሥልጣን እንዳለን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ስንፈርድም፣ ለምንጠላው ሰው እንኳ ቢሆን፣ ዳኛ እንዳንነፍግ እንጠንቀቅ።