አባ አውግስጢኖስ ቶልተንና የቺካጎ ጥቁር ካቶሊካውያን

በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ካህን በ43 ዓመታቸው በአንድ ትልቅ ከተማ መንገድ ላይ ወድቀው ያረፉ፣ የጀመሩትን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እንኳ እንደሚገባ ሳያስከድኑ የሄዱ ሰው ናቸው። እኚህ ካህን በአሜሪካ ጥቁርነታቸው በይፋ ታውቆ ክህነት ከተቀበሉት ሁሉ የመጀመሪያው የሆኑት አባ አውግስጢኖስ ቶልተን ናቸው። ከእሳቸው በፊት ከአየርላንዳዊ አባትና ከባሪያ እናት የተወለዱት የሂሊ ወንድማማቾች ቅስና ተቀብለው እንደ ነበር ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በአብዛኛው እነርሱን ከነጮች ጋር ይቈጥራቸው ነበር። አባ ቶልተን ግን በመልካቸውም በታሪካቸውም ከባሪያ ልጆች አንዱ መሆናቸውን የሚሸሽጉበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ሊሸሽጉትም አልፈለጉም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሕፃኑ አውግስጢኖስ ሚያዝያ 1 ቀን 1854 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር፣ ብራሽ ክሪክ በሚባል የገጠር ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጴጥሮስ ጳውሎስ ቶልተን፣ እናቱም ማርታ ጄን ይባሉ ነበር። ሁለቱም ባሮች፣ ሁለቱም ካቶሊካውያን ነበሩ፤ ጌቶቻቸውም እንዲሁ ካቶሊካውያን ነበሩ። በአገሩ ሕግ መሠረት ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ የእናቲቱ ጌታ ንብረት ነበር። ሕፃኑ በአካባቢው በነበረችው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ የክርስትና እናቱ የሆነችው የእናቱ እመቤት ነበረች። አንዲት ሴት አንድን ሕፃን በጥምቀት እንደ ልጅዋ ስትቀበለው፣ በሕግ ደግሞ እንደ ከብት ትቈጥረው ነበር። እነዚያ ሰዎች ሁለቱን ነገሮች እንዴት በአንድ ልብ ይዘው እንደ ኖሩ ለመረዳት ያስቸግራል። ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው፤ ልናለሳልሰውም አይገባም።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ አባቱ አምልጦ ባርነትን ከሚቃወመው ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰለፈ፤ ከዚያም በሕመም ሞተ። ማርታ ጄን ባሏን ዳግመኛ አላየችውም። በ1862 ሦስት ልጆቿን ይዛ በሌሊት ተነሣችና ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ገሠገሠች። ከወንዙ ማዶ ያለው ኢሊኖይ ባርነት የማይፈቀድበት ምድር ነበር። በአሮጌ ጀልባ እየቀዘፈች፣ ከኋላ የሚያሳድዷት ታጣቂዎች እየተኰሱባት፣ ልጆቿን በጀልባዋ ወለል ላይ አስተኝታ ተሻገረች። አውግስጢኖስ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናትና ልጆች በእግራቸው ተጕዘው ኩዊንሲ ወደምትባለው ከተማ ደረሱ።

ኩዊንሲ ነጻ ምድር ብትሆንም ችግሩ በወንዙ ማዶ አልቀረም። እናትየውና ልጆቹ በትምባሆ ፋብሪካ ተቀጥረው ሲጋራ ይጠቀልሉ ጀመር። ታላቅ ወንድሙ ቻርልስ ብዙም ሳይቈይ ሞተ። ፋብሪካው በክረምት ሲዘጋ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት የመሄድ ዕድል ያገኝ ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የገባበት የጀርመናውያን ቁምስና ትምህርት ቤት ወላጆች በጥቁር ልጅ መኖር ስለ ተቈጡ፣ ከአንድ ወር በኋላ ትምህርቱን ለመተው ተገደደ። በዚህ ጊዜ የአየርላንዳውያን ቁምስና ቆሞስ የነበሩት አባ ጴጥሮስ ማክጊር ልጁን በራሳቸው ትምህርት ቤት ተቀበሉት። ከዚያም ቁምስና ምእመናን ብዙ ተቃውሞ ተነሣ፤ ቆሞሱ ግን አልተመለሱም። ልጁ እዚያው ተማረ፣ ሜሮን ተቀባ፣ በቅዳሴም ያገለግል ጀመር። አንድ ቆሞስ የሕዝቡን ቊጣ ታግሦ አንድን በር ክፍት ማቆየቱ ምን ያህል እንደሚበጅ ኋላ ይታያል።

ወጣቱ የክህነት ጥሪ እንዳለው ባስታወቀ ጊዜ አባ ማክጊርና ሌሎች ካህናት ለዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጻፉለት። በአሜሪካ ምድር ከነበሩት ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ ለመቀበል የፈቀደ አንድም አልተገኘም። እንግዲህ ፋብሪካው ውስጥ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ላቲንና ሌሎች ትምህርቶችን ከካህናት በግል ተማረ። ላቲንን በጥሩ ትምህርት ቤት፣ መዝገበ ቃላት ይዞ የተማረ ሰው እንኳ ድካሙን ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ትምባሆ ሲጠቀልል ውሎ ማታ ወደ ሰዋስው መመለስ ምን እንደሚጠይቅ አንባቢው ይገምተው። በ1878 በኩዊንሲ የነበሩት ፍራንሲስካውያን በኮሌጃቸው ተቀበሉት። በእነዚያ ዓመታት ለከተማይቱ ጥቁር ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ በማስተማር ያገለግል ነበር፤ ካህን ሳይሆን መምህረ ትምህርተ ክርስቶስ ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻም በፍራንሲስካውያን አማላጅነት በሮም የሚገኘው የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤ ኮሌጅ በሩን ከፈተለት። በ1880 ባሕር ተሻግሮ ሮም ገባ። በዚያ ከብዙ አገሮች ከመጡ ወጣቶች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ፣ በአንድ አዳራሽ ተማረ። በተወለደበት አገር ያልተፈቀደለት ነገር በሮም ያለ ብዙ ወሬ ተሰጠው። አኮርዲዮን ይጫወት፣ መልካም ድምፅም ነበረው ይባላል። ሚያዝያ 24 ቀን 1886፣ በቀዳም ሥዑር፣ በቅዱስ ዮሐንስ ላተራን ባሲሊካ ከካርዲናል ፓሮኪ እጅ ቅስና ተቀበሉ። በማግሥቱ በትንሣኤ እሑድ የመጀመሪያ ቅዳሴያቸውን በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ አሳረጉ። ከዚሁ ባሲሊካ በስተ ጀርባ ለብዙ ዘመናት የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገኝ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

አባ አውግስጢኖስ ወደ አፍሪካ ለስብከተ ወንጌል እንደሚላኩ ያምኑ ነበር፤ ለዚያም ተዘጋጅተው ነበር። የጉባኤው ኃላፊ ካርዲናል ሲሜዮኒ ግን ሌላ ወሰኑ። ጥቁር ካህን አይታ የማታውቀው አሜሪካ አሁን አንድ ማየት አለባት ብለው ወደዚያችው አገር መለሷቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ውሳኔ ጠንካራና ትክክለኛ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ካርዲናሉ ሳይሆኑ ወጣቱ ካህን ናቸው።

በሐምሌ 1886 ኩዊንሲ ሲገቡ ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው። ጥቁሮች በሚያመልኩባት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተመደቡ። ስብከታቸው መልካም ስለ ነበረ ነጮችም ይመጡ ጀመር፤ ጀርመናዊውም አየርላንዳዊውም ከጥቁሩ ጎን ተቀምጦ ያስቀድስ ነበር። ደስ የሚያሰኘው ይህ ነገር ነው መከራቸውን ያመጣው። በአቅራቢያው የነበረ ቁምስና ዕዳ ነበረበት፤ ምእመናኑና የእሑድ መባው ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ሲሄዱ ቆሞሱ ተቈጡ። ጳጳሱም አባ ቶልተን ጥቁሮችን ብቻ እንዲያገለግሉ አዘዙ። ከሌላ ወገን ደግሞ የጥቁር ፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ምእመናኖቻችን ይወሰዱብናል ብለው ይቃወሟቸው ነበር። እሳቸውም በሁለቱ መካከል ብቻቸውን ቀሩ።

በጥር 1889 በዋሽንግተን የጥቁር ካቶሊካውያን የመጀመሪያ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤውን የጠራው ምእመንና ጋዜጠኛ የሆነው ዳንኤል ራድ ነበር። ከየከተማው የመጡ ምእመናን ተሰብስበው ስለ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ሥራ፣ በሠራተኛ ማኅበራትና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላለው መድልዎ ተወያዩ፤ የአገሪቱም ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ ልዑካኑን ተቀብለው አነጋገሩ። የመክፈቻውን ቅዳሴ ያሳረጉት አባ ቶልተን ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህን ጉባኤ ያሰባሰቡት ጳጳሳት ወይም ካህናት አይደሉም፤ መድልዎው በየቁምስናቸው የደረሰባቸው ምእመናን ናቸው። በቺካጎም እንዲሁ ሆነ።

በቺካጎ የሚኖሩ ጥቁር ካቶሊካውያን ካህን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የቅዱስ አውግስጢኖስ ማኅበር የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማኅበሩ የታመመውን ይጠይቃል፣ የተራበውን ይረዳል፣ ሙታንን ይቀብራል፤ በእኛ አገር እድርና የቁምስና ማኅበር የሚሠሩትን ሥራ አንድ ላይ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። የሚሰበሰቡትና ቅዳሴ የሚሰሙት በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ከላይ በሰፊው ቤተ ክርስቲያን ነጮቹ ሲያስቀድሱ እነርሱ ከታች ነበሩ። በሌሎች ቁምስናዎችም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ቦታ የኋላው ወንበር ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ሁለት ነገሮችን መሻት ጀመረ፤ የራሱን ሕንፃና የራሱን ካህን። ሊቀ ጳጳስ ፊሃን ጥያቄውን ተቀበሉ፤ አባ ቶልተንም ከኩዊንሲ ለመነሣት የሮምን ፈቃድ ጠይቀው ስለ ነበር በ1889 መጨረሻ ወደ ቺካጎ መጡ።

ያገኙት መንጋ 30 የሚያህሉ ምእመናን ነበሩ። አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ የቀድሞ ባሮችና ልጆቻቸው ሲሆኑ በተጨናነቁና በቆሸሹ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ሳንባ ነቀርሳና ረኀብ በየቤቱ ነበረ። አባ ቶልተን ቀን ቀን በየደረጃው እየወጡ ሕሙማንን ይጐበኛሉ፣ ማታ ደብዳቤ እየጻፉ ገንዘብ ይለምናሉ። አንዲት ምእመን ለሕንፃው ሥራ 10,000 ዶላር ሰጠች። በ2000 ቅድስና የታወጀላቸው እናታችን ካተሪን ድረክስልም ከውርስ ሀብታቸው ገንዘብ ይልኩላቸው ነበር። የቀረውን ግን የሸፈኑት ልብስ አጣቢዎችና የቀን ሠራተኞች በሳንቲም እያዋጡ ነው። በ36ኛውና በዲርቦርን መንገዶች መገናኛ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በ1894 መጀመሪያ ተባርኮ በቅድስት ሞኒካ ስም ተሰየመ። የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት አፍሪካዊት መሆንዋን ስሙን የመረጡት ሰዎች ዘንግተውት እንደማይሆን እገምታለሁ። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ጊዜያዊ ነበረ፤ ገንዘቡ ስላለቀ ሥራው እዚያ ላይ ቆመ። የምእመናኑ ቍጥር ግን ወደ 600 አደገ። እናታቸው ማርታ ጄንም አብረዋቸው እየኖሩ ቤተ ክርስቲያኑን ያሰናዱ፣ ንዋያተ ቅድሳቱን ይጠብቁ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ለጥቁሮች የተለየ ቤተ ክርስቲያን መሥራት መድልዎን መቀበል አይደለምን? ጥያቄው ተራ አይደለም። የቅድስት ሞኒካ ሰዎች ያን ቤት የሠሩት ከሌላው ለመለየት ፈልገው ሳይሆን በምድር ቤት መቅረትን እምቢ ብለው ነው፤ በራሳቸው ቤት የፊቱ ወንበር የእነርሱ ነበርና። ይሁን እንጂ ያንኑ ሕንፃ ሌሎች እንደ አጥር ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር፤ ተጠቀሙበትም። በ1917 ሊቀ ጳጳስ መንደላይን ቅድስት ሞኒካ ለጥቁሮች ብቻ እንድትሆን ሲወስኑ፣ ከቁምስናው ምእመናን አያሌዎቹ ውሳኔው ከሌሎች ቁምስናዎች የሚያስወጣን ነው ብለው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። በገዛ እጃቸው የሠሩትን ቤት መውደድና በዚያ ቤት መታጠርን መቃወም ለእነርሱ የሚጋጩ ነገሮች አልነበሩም። እኔም የሚጋጩ አይመስለኝም።

አባ ቶልተን ግን ይህን ለማየት አልቈዩም። ድካሙ ጤናቸውን አናግቶት ስለ ነበር በ1895 ለጥቂት ጊዜ ከሥራ ዐረፉ። በሐምሌ 1897 ቺካጎን ብርቱ የሙቀት ማዕበል መታት። ሐምሌ 9 ቀን ከካህናት ሱባኤ በባቡር ተመልሰው፣ ወደ ቤታቸው በእግር ሲሄዱ መንገድ ላይ ወደቁ። ወደ ሜርሲ ሆስፒታል ተወስደው በዚያው ማታ፣ እናታቸውና እህታቸው ባሉበት ዐረፉ። ፍትሐት በቅድስት ሞኒካ ከተደረገላቸው በኋላ፣ በፈቃዳቸው መሠረት አስከሬናቸው ወደ ኩዊንሲ ተወስዶ በቅዱስ ጴጥሮስ መካነ መቃብር ተቀበረ። ቅዱስ ጴጥሮስ አባ ማክጊር በሩን ያልዘጉባቸው ያ ቁምስና ነው።

ከእሳቸው በኋላ ቅድስት ሞኒካ ለብዙ ዓመታት በዚያ የሚኖር የራስዋ ቆሞስ አልነበራትም፤ ሕንፃውም እንደ ተጀመረ ቀረ። ምእመናኑ ግን አልተበተኑም። በ1924 ቁምስናው ከቅድስት ኤልሳቤጥ ቁምስና ጋር ተቀላቀለ፤ በዚያን ዘመን ከደቡብ ወደ ቺካጎ የሚጐርፉት ጥቁሮች እጅግ በዝተው ነበር። በ2010 የቺካጎው ካርዲናል ፍራንሲስ ጆርጅ የአባ ቶልተንን የቅድስና ጉዳይ መጀመር አስታወቁ፤ በሰኔ 2019 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ምግባራቸው የላቀ መሆኑን አጽድቀው ክቡር የሚለውን ማዕረግ ሰጧቸው። ለብፅዕና የሚጠየቀው በአማላጅነታቸው የተደረገ ተአምር ነው፤ ወደ ኩዊንሲ መቃብራቸው የሚሄዱ ምእመናን የሚለምኑትም ይህንኑ ነው።