ስልክን የፈጠረው ሰው እናቱም ሚስቱም አይሰሙም ነበር

እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ የት ተወለደ ብትባሉ ቻይና የምትሉ አትጠፉም። የመጀመሪያው ስልክ ግን ድምፅ ከማይሰሙ ሰዎች ጋር ሲኖር ባደገ አንድ መምህር እጅ ነው የተሠራው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እናቱ አትሰማም፣ ኋላ ያገባት ሚስቱም አትሰማም። የእንጀራው ሙያም መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤል በ1847 ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ተወለደ። አያቱም አባቱም ሰው ምላሱንና ጉሮሮውን እንዴት አድርጎ ድምፅ እንደሚያወጣ ሲያጠኑና ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። እናቱ ኢላይዛ በጣም ትንሽ ነው የምትሰማው፤ ያም ሆኖ ፒያኖ ትጫወት ነበር። ሌላው ሰው በጆሮዋ ቱቦ ሲጮህባት፣ ልጇ ግንባሯ አጠገብ ተጠግቶ በወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ ያወራታል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ የሚወራውን በጣት ፊደል እየጻፈ ይነግራታል። ይቺን የጣት ፊደል ያዟት፣ ኋላ ትመጣለች።

ሁለት ወንድሞቹን የሳንባ ነቀርሳ ወሰዳቸው። ወላጆቹ የቀረው አንድ ልጅ እንዳይሞትባቸው በ1870 ይዘውት ወደ ካናዳ ተሰደዱ። በዓመቱ እሱ ቦስተን ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዷ ሜብል ሀባርድ ናት፤ በ1877 ያገባት። ለሠርጓ ስጦታ ብሎ የስልክ ድርጅቱን አክሲዮን፣ 10 ብቻ ለራሱ አስቀርቶ፣ ሁሉንም ሰጣት። እንዲህ ያለ ጥሎሽ በጎጃምም በጎንደርም አልሰማንም!

ሜብል መስማት ያቆመችው በአምስት ዓመቷ፣ ስካርሌት ፊቨር በሚባል ትኩሳት ነው። በዚያ ዕድሜዋ አፏን ፈትታ፣ እናትና አባቷን በጥያቄ የምታደክም ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ጆሮዋ እንደሄደ ወዲያው አወቁ፤ ቋንቋዋም አብሮ እንዳይጠፋ ከንፈር እያነበበች ማውራቷን እንድትቀጥል ቀን ከሌት ለፉ። አድጋ የቤቱን ገንዘብ ሁሉ የምታስተዳድር፣ ቁጡውን ባሏን የምታረጋጋ ሴት ሆነች።

ስልኩን በአጭሩ እንለፈው፤ ታሪኩን ስታውቁት አድጋችኋል። በማርች 1876 ፈቃዱ ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ንግግር በሽቦ አለፈ። (እኛ ጋ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ ሰይጣን ነው ያሉ እንደነበሩ ይነገራል።) ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚያ የቀጠለውን ነው። በ1879 ቤል ከስልኩ አካላት ኦዲዮሜትር የሚባል የመስማት መለኪያ ሠራ፤ ድምፁን እያሳነሱ ጆሮ የቱ ላይ እንደሚያቆም የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ይዞት ወደ ተራ ትምህርት ቤቶች ሲሄድ፣ ማንም ሳያውቅባቸው ጆሯቸው የደከመ ልጆች ከሌሎቹ መካከል ተቀምጠው አገኘ። ሰነፍ ናቸው፣ ልባቸው እዚህ የለም ሲባሉ የከረሙ ልጆች። ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ስታበዙ ስልካችሁ የሚያስጠነቅቅበት ዲሲቤል የሚባለው መለኪያም ስሙን የወሰደው ከቤል ነው።

በ1886 ዋሽንግተን ወደሚኖረው ቤል አንድ አባት የስድስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ሄለን ኬለር ናት። በ19 ወሯ የያዛት ትኩሳት ዓይኗንም ጆሮዋንም ወስዶታል። ከሜብል ጋር ያላት ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ሄለን ገና ጥቂት ቃላት ስትሞክር ነው ድምፅ የተቋረጠባት። ቤተሰቡ ወዶ፣ አዝኖ፣ አቅፎ አሳደጋት፤ ቋንቋ የሚሰጣት ግን ጠፋ። ሌሎች ሰዎች በአፋቸው የሆነ ነገር እንደሚለዋወጡ በእጇ ዳስሳ ደርሳበታለች። እሷም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ መልስ የለም፤ ከዚያ ትራገጣለች፣ እስኪደክማት ትጮኻለች። እናቷን የእህል ጓዳ ውስጥ ቆልፋባት ደጅ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ቆይታለች። ሕፃኗን እህቷን ከነአልጋዋ ገልብጣለች። ዘመድ የተባለው ሁሉ አብዳለች፣ አንድ ቦታ ትዘጋ ይል ጀመር።

ቤል ጭኑ ላይ አስቀመጣት። የኪስ ሰዓቱን ሰጥቷት ሲደውል ንዝረቱን በእጇ ስትሰማ ዝም አለች። የታየው ያበደች ልጅ አልነበረም፤ አባቷን ቦስተን ወዳለው የፐርኪንስ ትምህርት ቤት እንዲጽፍ መከረው። ከዚያ የተላከችው መምህርት አን ሱሊቫን አላባማ የደረሰችው ማርች 3 ቀን 1887፣ እንደ አጋጣሚ ቤል 40 ዓመት በሞላው ቀን ነው። ሱሊቫን በልጅቷ መዳፍ ላይ የጣት ፊደል መጻፍ ጀመረች፤ በአንድ ወር ገደማ፣ ቧንቧው ስር፣ ሄለን ለሚፈሰው ውኃ ስም እንዳለው ገባት። ቁጣው ባንድ ቀን አልጠፋም፤ የሚነግረው ቃል ባገኘ ቁጥር ግን እየሳሳ ሄደ። ዛሬ ያሉ ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የማይሰሙ ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የጠባይ ችግር ቋንቋቸው ምን ያህል እንደዳበረ ይከተላል።

ይህን ሁሉ ይዛችሁ ወደ ጣና ዳር ኑ። ሄለንን ያደነቆራት ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ማጅራት ገትር ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋ ቀጠና ሲመላለስ የኖረ በሽታ ነው፣ የእኛም ክልል እዚያው ውስጥ ነው። ኩፍኝና ሳይታከም መግል የሚያፈስ ጆሮም ልጅን ያደነቁራሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከልጆች የመስማት ችግር 60 በመቶው መከላከል የሚቻል ነው።

የሚቸግረው ሕፃን ልጅ የሚያታልል መሆኑ ነው። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይስቃል፣ እንደሌላው ይንኮሻኮሻል። በር ሲላተም ዞር ይላል፣ ወለሉ ሲነዝር ተሰምቶት። ቤተሰቡ በዚህ ይጽናናል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው ይባላል፣ ሦስት ሲሞላው ፀበል ይወሰዳል። ፀበሉ ይቅር ያለ የለም፤ ግን በዚያው መንገድ ጆሮውም ይታይ። ከደቅ ደሴት ጀልባ ይዞ ባሕር ዳር መድረስ ሰዓታት ይፈጃል፣ ለእናት ቀላል አይደለም። ምርመራው ግን ሕፃኑ እንደተኛ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ አድርጎ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። በሰለጠነው አሠራር በአንድ ወር ይመረመራል፣ በሦስት ወር ይረጋገጣል፣ በስድስት ወር እርዳታው ይጀመራል። ስድስት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ተማታች፣ እልኸኛ ተብሎ ለሚገረፈው የጣና ዳር ልጅ ሄለን ያጣቻቸው ዓመታት ናቸው የሚያልፉበት።

ቤል ይህን ካየ በኋላ የሠራው ነው የሚያናድደኝ። በጣት ፊደል እናቱን ያወራ፣ የምልክት ቋንቋም የሚያውቅ ሰው፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ ይማሩ ብሎ ሲሟገት ኖረ። በ1880 ሚላን የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋን ከትምህርት ቤት ሲያስወጡ እሱም ከዚያ ወገን ነበር። በ1883 ደግሞ መስማት የተሳናቸው እርስ በርስ ባይጋቡ ይሻላል የሚል ጽሑፍ አቀረበ። በመነሻው ሜብል ያለች ይመስለኛል፤ ሁሉም ልጅ እንደሷ በአምስት ዓመቱ ቋንቋ ይዞ የሚደነቁር መሰለው። በስንት አገር ልጆች እጃቸውን ታስረውና ተመትተው፣ ንግግሩም ሳይሳካ ምልክቱም ተከልክሎ አደጉ። የዚያው ጉባኤ ተተኪዎች በውሳኔው መጸጸታቸውን የገለጹት ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ነው።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ የጣት ፊደል አለው። ሆሄው በእጅ ቅርጽ ይታያል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። ቤል የሠራው ስልክ ለመቶ ዓመት ያህል እነዚህን ሰዎች ደጅ አስቀርቷቸው ነበር። ካሜራ ሲገባበት ግን የነሱም ሆነ። ስልኩን ፊቱ አቁሞ በሁለት እጁ በቪዲዮ የሚያወራ ወጣት ካያችሁ አፍጥጣችሁ አታስጨንቁት፤ የግል ወሬ ነው።

ቤል በኦገስት 2 ቀን 1922 ካናዳ ውስጥ፣ ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ባለ ቤቱ ሞተ። ሜብል እንዳይለያት ስትለምነው ድምፁ አልወጣለት ብሎ በእጁ ምልክት መለሰላት ይባላል። ሲቀበር በሰሜን አሜሪካ ያለው ስልክ ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም እንዲል ተደረገ። ሜብል በአምስት ወሩ ተከተለችው።