ኢዲት ክላርክ፦ የረጅም መስመሮችን አቅም ያሰሉ መሐንዲስ

በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኘው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ የስፌት ማሽኖች ኃይል በአብዛኛው የሚመነጨው ርቀው ከሚገኙ ግድቦች ነው። ለአብነት ከታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል፤ ከዚያም ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ኃይሉ ይከፋፈላል። በዚህ ጉዞ አንድ መስመር ወይም ትልቅ ትራንስፎርመር በድንገት ከአገልግሎት ቢወጣ የቀሩት ሸክሙን ይችሉት እንደሆነ አስቀድሞ በስሌት መታወቅ አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ስሌት መሠረት ከጣሉት መካከል አሜሪካዊቷ ኢዲት ክላርክ ይገኙበታል።

ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1883 በሜሪላንድ ግዛት ተወለዱ። ዕድሜያቸው 12 ሲሞላ ሁለቱም ወላጆቻቸው በሕይወት አልነበሩም። የደረሳቸውን ውርስ ለትምህርት አውለው በ1908 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በሥነ ፈለክ ተመረቁ። ለጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በአንድ የስልክ ኩባንያ በስሌት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የሚለው ቃል መጠሪያነቱ ለሰው እንጂ ለመሣሪያ አልነበረም።

በ1919 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይሁንና በመሐንዲስነት የሚቀጥራቸው አልተገኘም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሰጣቸው የስሌት ሠራተኞችን የመምራት ሥራ ነበር። በ1921 ሥራውን ትተው ወደ ኢስታንቡል በመሄድ በሴቶች ኮሌጅ ፊዚክስ አስተማሩ። በቀጣዩ ዓመት ሲመለሱ ግን ያው ኩባንያ በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ቀጠራቸው። የመስመሮችን አድካሚ ቀመሮች በፍጥነት የሚፈታውን የሥዕላዊ ማስሊያ መሣሪያ የፈጠሩት የመሐንዲስነት ማዕረጉን ከማግኘታቸው በፊት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የፈጠራ መብቱ በ1925 ተሰጣቸው።

በ1926 ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት ጽሑፍ አንድ ረጅም መስመር ሥርዓቱ ሳይናጋ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል የሚመለከት ነበር። በማኅበሩ ጥናት ያቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው። የጥናቱ ጉዳይ ዛሬ የቮልቴጅ መረጋጋት ከሚባለው ጋር ፍጹም አንድ ባይሆንም የቅርብ ዝምድና አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሁለት መስመሮች አንዱ ሲቋረጥ የሁለቱም ጭነት በቀሪው ላይ ያርፋል። የዚህ መስመር የኤሌክትሪክ ፍሰት በእጥፍ ቢጨምር መስመሩ የሚበላው ሪአክቲቭ ኃይል፣ ማለትም ቮልቴጅን ደግፎ የሚይዘው ኃይል፣ አራት እጥፍ ይሆናል። በመስመሩ ጫፍ ቮልቴጅ ሲወርድ የፋብሪካ ሞተሮች ሥራቸውን ለመቀጠል ተጨማሪ ፍሰት ይስባሉ፤ ይህም ቮልቴጁን ይበልጥ ያወርደዋል። ለድጋፍ የተተከሉ ካፓሲተሮችም ቮልቴጅ ሲቀንስ ድጋፋቸው ያንሳል፤ በጣም በሚፈለጉበት ሰዓት መድከማቸው የዘርፉ ባለሙያዎች ትልቅ ፈተና ነው። በ1983 በስዊድን የአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ማለያያ መሣሪያ መበላሸቱ ደቡባዊውን የአገሪቱን ክፍል ጨለማ ውስጥ ከትቷል።

ክላርክ በ1943 ያሳተሙት የኃይል ሥርዓት ትንተና መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የመሐንዲሶች መማሪያ ሆኖ አገልግሏል። ከ1947 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ በ1957 ጡረታ ወጡ፤ በ1959 አረፉ። በስማቸው የሚጠራው የክላርክ ቀመር ሦስቱን የኤሌክትሪክ ፌዞች ወደ ቀላል መጠኖች የሚለውጥ ሲሆን፣ ቮልቴጅን በቅጽበት የሚያስተካክሉ ዘመናዊ የኃይል መለወጫዎችን ለመቆጣጠር በሰፊው ያገለግላል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው የ1,045 ኪሎ ሜትር መስመርም በሁለቱም ጫፎቹ የሚሠራው በኃይል መለወጫ ጣቢያዎች ነው።

በአገራችን የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችንና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ለደንበኞች ስርጭትና ሽያጭ የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በመኖሪያ ቤትዎ ወይም በድርጅትዎ የኃይል መቆራረጥ ወይም የቮልቴጅ መዋዠቅ ሲያጋጥምዎ ለአገልግሎቱ በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይችላሉ።